ለቡሬ ሲነገር የሰማሁት

እማሆይ ጥሩዬ ማረፋቸውን የነገረችኝ ውሻችን ናት። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ጠዋት በሬን ስከፍት ቡሬን የማገኛት ሁልጊዜ ደፉ ላይ ተጋድማ ነው፤ እንዳልረግጣት እግሬን አንስቼ፣ በዚያውም ሰድቤያት ነው የማልፈው። ያን ቀን ግን ደፉ ባዶ ነው። ብጠራት የለችም። ቁራሽ ይዤ ግቢውን ብዞር እማሆይ በር ላይ አገኘኋት፤ አፍንጫዋን ከመዝጊያው ሥር ወትፋ ተኝታለች። ቁራሹን አሳየኋት። ጅራቷን እንኳ አላወዛወዘችም። ያ ሰዓት እማሆይ ከኪዳን ተመልሰው በረንዳቸው ላይ እንዝርት የሚያሾሩበት ሰዓት ነበር።

ባለቤቴን ምስጋናውን ጠራሁት፤ መዝጊያውን ገፋ አድርጎ ገባ። ቆባቸው በራሳቸው፣ መቁጠሪያቸው በእጃቸው እንዳለ፣ እንደ ተኙ ነው ያገኛቸው። "ሰው ሳላስቸግር ይውሰደኝ" ይሉ ነበር ሁልጊዜ፤ ማንንም አላስቸገሩም። ምስጋናው ሲወጣ እኔን ትቶ ቡሬን ነው ያያት። "አወቅሽ?" አላት። ከዚያ እሱም ደፉ ላይ ተቀመጠ።

እማሆይ ዘመዴ አልነበሩም። የቤት አከራያችን ናቸው። ከላይ ግቢያቸው፣ ከታች ቤተክርስቲያኑ፣ መሃሉ አንድ ቁልቁለት መንገድና አንዲት አሮጌ ወይራ፤ የእሳቸው ዓለም ይኸው ነበር። ትዳሬን ማን አቆመው ብትሉኝ ግን ሌላ ሰው አልጠራም። የሚገርመው፣ ስለ ትዳር አንድም ቀን አናግረውኝ አያውቁም። የሚያናግሩት ውሻዋን ነበር።

እኔ የሙጃ ሰው ነኝ፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በዚያኛው ወገን። ምስጋናው የላሊበላ አስጎብኚ ነው። ፈረንጆች ይዞ ተራራውን በእግር ሲያቋርጥ እኔ ወጥ በምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ያድሩ ነበር። መጀመሪያ ከፈረንጆች ጋር መጣ። ሁለተኛም ከፈረንጆች ጋር መጣ። ሦስተኛው ላይ ብቻውን መጣ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና "የዛሬዎቹ እንግዶችህ የት ጠፉብህ?" አለችው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ።

ከሰርጉ በኋላ ለመልስ ስንሄድ አባቴ አንዲት ቡችላ በክንዱ ታቅፎ መጣ። "በሬ ልሰጥሽ አስቤ ነበር፤ ከተማ ውስጥ በበሬ ምን ትሠሪበታለሽ? ይችን ያዢ፤ ቤትሽን ትጠብቅልሽ" አለኝ። አባቴ ለበሬ እንጂ ለውሻ ስም አውጥቶ አያውቅም። ነጭና ቡናማ ቀለም ስላላት እንደለመደው ቡሬ አላት። እናም የበሬ ስም ያላት ሴት ውሻ ይዤ ወደ ባሌ አገር ወረድኩ። ከአውቶቡሱ እንዳያስወርዱን ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግኋት፤ ሙሉውን መንገድ ደረቴ ላይ ተኝታ አንኮራፋች።

ግቢ ስንገባ እማሆይ በረንዳቸው ላይ እየፈተሉ ነበር። ትንሽ ናቸው፤ ቢጫ ልብሳቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፤ ዓይናቸው ግን መርፌ ነው።

"እንኳን በደህና ገባችሁ፣ ልጆቼ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ይሄ ጋቢ ምን ሆኖ ነው የሚንቀሳቀሰው?"

"ነፋስ ነው፣ እማሆይ" አለ ምስጋናው።

ይኼኔ ጋቢው አለቀሰ።

"ነፋሱ ያለቅሳል እንዴ?" ብለው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ጋቢውን ገለጥኩት። ቡሬ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸው። "ምነው ሸዋ!" አሉ እማሆይ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። "እኔ መነኩሲት፣ ቤቱ የቤተክርስቲያን ጎረቤት፣ እናንተ ደግሞ ውሻ! ከዓለም ወጣሁ ስል ዓለም በጋቢ ተጠቅልላ መጣችብኝ!"

ብዙ ተለመኑ። በመጨረሻ "እንግዲያው ለዛሬ ትደር" አሉ። ቡሬ ለዛሬ አደረች። በማግስቱም ለዛሬ ነው ያደረችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያነሳው ጠፋ።

አይነኳትም ነበር። መንገድ ከዘጋችባቸው በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ ያደርጓታል፤ ያውም ትንኝ እንደሚያባርሩ በቀስታ። ቂጣ ሲበሉ ግን ሁልጊዜ ቁራሽ ከእጃቸው ይወድቃል። እንደ እማሆይ እጅ የሚጥል እጅ አላየሁም። አንድ ቀን "እማሆይ፣ እጅዎን ያመዎታል እንዴ?" ብላቸው "እርጅና ነው፣ ልጄ" አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። ጾም ሲገባ ደግሞ ጥብቅ ናቸው፤ "ቡሬም የዚህ ግቢ ልጅ ናት፣ ትጹም" ብለው ከሽሮ በቀር እንዳልሰጣት ቃል አስገቡኝ። ቡሬ በፋሲካ ዋዜማ የምታሳየው ፊት ከካህናቱ ፊት አይለይም ነበር።

ወደ አግቦአቸው ልመለስ። እማሆይ "በባልና ሚስት መካከል መግባት ለመነኩሲት ነውር ነው" የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። ግድግዳችን ግን ጭቃ ነው፤ የምንነጋገረው ሁሉ ይሰማቸዋል። ሰምተው ዝም ማለት ደግሞ አልሰጣቸውም። እና መላ አገኙ። ተጋብተን ጥቂት ሳምንት እንደሆነን ነው፤ ምስጋናው ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ገባ። እኔም አኩርፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ጠዋት እሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ። እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። በኋላ እንደተማርኩት፣ አፋቸውን ከጠረጉ ነገር ሊመጣ ነው።

"ቡሬ፣ ነይማ ወዲህ" አሉ። ቁራሽ የሚወድቅ መስሏት ሄደች። "ስሚኝ። ወንድ ልጅ ያመሻል፤ ያለ ነው። ቤቱን የሚያምሰው ግን ማምሸቱ አይደለም። 'ዛሬ አመሻለሁ' ብሎ መውጣት ምላስ ይሰብራል? አይሰብርም።" ምስጋናው መፋቂያው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲጀምር እማሆይ ቀጠሉ። "ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ ሴት አለች አሉ። ግድግዳ ምን ሊመልስላት ነው? ዞር ብላ 'ለምን አመሸህ' ብትለው አፍ ያለው ሰው እኮ ነው።" ቡሬ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ቁራሹ ወደቀ። እኔና ምስጋናው ተያየን። ሳቅ አመለጠንና ኩርፊያው በዚያው ቀረ።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገር ማር የነበረ እንዳይመስላችሁ። ምስጋናው ሥራው ከቤት ያስወጣዋል፤ እንግዳ ይዞ ከሄደ ብዙ ቀን አይመለስም። እኔ ማንንም አላውቅም። ሙጃ እያለሁ ስወጣም ስገባም "ሙሉ፣ እንዴት አደርሽ" የሚለኝ ሰው መዓት ነበር፤ እዚህ ገበያ ወጥቼ ስመለስ ስሜን የጠራ ሰው ሳይኖር ይመሻል። ምስጋናው ሲመለስ ደግሞ ሲያወራ የዋለ ሰው ነውና ዝም ብሎ መብላት ነው የሚፈልገው። አልፈርድበትም። ግን ሆድ ይብሰኝ ነበር። ከአገሬ የመጣ ነገር ቢኖር ቡሬ ብቻ ናት፤ አንገቷን አቅፌ ስለ እናቴ አወራላታለሁ። በልቤም "ይሄ ነገር አያዋጣኝም" ማለት ጀምሬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። እማሆይ ግን ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

አንድ የማርያም ዕለት ቡሬን ግንድ ላይ አስሬ ቅዳሴ ሄድኩ። ቤተክርስቲያናችን እንደምታውቁት ከአለት ተፈልፍሎ ወደታች የወረደ ነው፤ በድንጋይ ደረጃ ተወርዶ ነው ቅጽሩ የሚገባው፤ ዙሪያው ገደል የሚያህል የአለት ግድግዳ ነው። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ጫጫታ ተነሳ። "ያዛት! አስወጣት!" ዘወር ብል ቡሬ ናት! የበላችውን ገመድ ቅሪት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሽታዬን ተከትላ ደረጃውን ወርዳለች። ቤተክርስቲያን እንደገባች ውሻ ሲባል በተረት ነበር የማውቀው፤ የዚያን ቀን በዓይኔ አየሁት። አንዱ በመቋሚያ፣ አንዱ በጃንጥላ፣ አንዷ ባወለቀችው ጫማ! ቡሬ ግድግዳውን ዞረች፣ መውጫ አጣች። አባ ክንፉ፣ የደብሩ ቄስ፣ የመቅደሱን በር በሰውነታቸው ከለሉ። እሷም ስታመልጥ፣ ስታመልጥ መጥታ የት ትግባ? ቀሚሴ ሥር! ሕዝቡ ሁሉ የማን ውሻ እንደሆነች በዚያው አወቀ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ አባ ክንፉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ግቢያችን መጡ። ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲቆጡ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። "እማሆይ፣ ነገሩን አይተውታል" አሉ። "ወይ ውሻዋ ከዚህ ግቢ ትውጣ፣ ወይ ተከራዮቹ ይውጡ። የዛሬው ቅጽር ነው፤ ነገ መቅደስ ብትገባስ?" እውነታቸውን ነው። ምስጋናው መሬት መሬት ያያል። እንጀራው ከቤተክርስቲያኑ ጋር ነው፤ እንግዳ ይዞ በየቀኑ በአባ ፊት ነው የሚያልፈው። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረና "ለአባትሽ እንመልሳት" አለ።

"ቡሬ ከወጣች እኔም እወጣለሁ" አልኩት።

"ለውሻ ብለሽ?"

"ለውሻ ብዬ! እሷ ቢያንስ ቤት ውስጥ አለች!"

ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔንም አስደነገጠኝ። ምስጋናው መዝጊያውን በቀስታ ገፍቶ ቤት ገባ። የዚያን ጊዜ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልብሴን ጠቅልዬ፣ ቡሬን በአዲስ ገመድ ይዤ ወጣሁ። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ሙጃ ልገባ ነው። ምስጋናው ቤት ውስጥ ነው፤ ደህና ሁን አላልኩትም። በረንዳው ጋ ስደርስ ቡሬ ቁጭ አለች። ብስባት አልንቀሳቀስ አለች፤ የቁራሽ ሰዓት ነዋ። እማሆይ ጓዜን አዩት። እኔን አላናገሩኝም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

"ቡሬ፣ መንገድ ነው እንዴ?" አሉ። "መልካም። አንድ ነገር ልንገርሽና ሂጂ። እኔም እንደ አንቺ ከሩቅ መጥቼ ነው እዚህ የገባሁት፤ ከገነተ ማርያም። ልጅ ነበርኩ። ባሌ መልካም ሰው ነው፤ ግን ከበሬው ጋር ሲያወራ የዋለ ገበሬ ማታ ለሚስቱ ምን ቃል ይተርፈዋል? አኮረፍኩና ወደ አባቴ ቤት ሸሸሁ። ተከትሎኝ መጣ፤ ታረቅን። እንደገና ሸሸሁ፤ እንደገና መጣ። ጣመኝ መሰለኝ፣ ሦስተኛም ሸሸሁ። አባቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ መንገድ መንገድ አያለሁ። አልመጣም። እሱ ኮርቶ ከሆነ እኔ እብሳለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። ለካስ ሰውዬው ታሞ ወድቋል፤ 'አንቺን አንቺን' ይል ነበር አሉ፤ የነገረኝ የለም። መንገደኛ ነው በወሬ ወሬ ያሰማኝ። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቀውም፣ ቡሬ። ብቻ ደረስኩ። ዳነልኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ 'ተመላላሿ' እያለ ሲስቅብኝ ኖረ።"

እንዝርታቸውን አነሱ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተቀምጠሽ ታጠቂ ነው የምልሽ። የከፋሽን ደግሞ ለሚመለከተው ንገሪው። ለውሻ ብትነግሪው ውሻ ምን ይፈይድልሻል?" ይሄ የመጨረሻው ለቡሬ እንዳልሆነ ቡሬም ሳታውቅ አልቀረችም።

እንባዬ መጣ። ይኼኔ ኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ምስጋናው በባዶ እግሩ ወጥቷል፤ ጭቃው ግድግዳ ለእሱም አሰምቶታል። ወደ እኔ አልመጣም። ቡሬ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"ቡሬ" አለ። "እመቤትሽን ለምኚልኝ። አስጎብኚ ነኝ፤ ለአገር ሁሉ መንገድ አሳያለሁ። ቤቴ ያለችዋ ግን መንገድ እንደጠፋት አላየሁም በያት። አንቺም አትሄጂም፣ እሷም አትሄድም። አባን እኔ እለምናቸዋለሁ።"

ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩት! ጓዜን እዚያው ጥዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ጥጣቸው አዞሩ፤ "እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ከዓለም የወጣሁ ሰው ነኝ" አሉ።

አባን የለመናቸው ግን ምስጋናው አልነበረም፤ እማሆይ ናቸው፣ ቀድመውት። "እስከሚቀጥለው የማርያም ዕለት ይስጡኝ" አሏቸው። "እስከዚያ ካልተማረች በእጄ ይዤ ሙጃ አደርሳታለሁ።"

"ውሻ ሕግ ይማራል እንዴ፣ እማሆይ?" አሉ አባ።

"እርስዎ የሚያስተምሯቸውን ዲያቆናት አይቻለሁ። ከእነሱ አትብስም።"

አባ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ የዚህን ጊዜ ግን በቁጣ አይመስለኝም።

እናም ትምህርቱ ተጀመረ። እማሆይ በየማለዳው ኪዳን ሲሄዱ ቡሬን አስከትለው ይወርዳሉ። ወይራዋ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። መሬቱን በመቋሚያቸው መታ፣ መታ አድርገው "ቡሬ፣ ወሰንሽ ይች ናት" ይሏታል። አልፋ ከተከተለቻቸው ይመለሳሉ፤ ሳይቆጡ እንደገና መታ፣ መታ። መጀመሪያ ላይ ኪዳኑ ሳይደርሱበት ተጠናቀቀ። ጎረቤት ሁሉ "መነኩሲቷ ውሻ ያስቀድሳሉ" እያለ ተሳለቀባቸው። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔና ምስጋናው ከግቢው አጥር ላይ ተንጠላጥለን እናያቸዋለን፤ አንዱ የሌላውን አፍ እየከደነ እንስቃለን። ከዚያ ቁርሳችንን አብረን እንበላለን። ምስጋናው ተራራ ሲሄድ ምን እንደሚያይ፣ ማን ምን እንዳለው ያወራልኝ የጀመረው በእነዚያ ጠዋቶች ነው። እኔም የሙጃን ናፍቆት ለእሱ ነገርኩት፤ ሰማኝ።

የማርያም ዕለት ደረሰ። እማሆይ አስቀድመው ወርደዋል። ከግቢው ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ቡሬ አድርገው "እመቤትሽ ወይራዋን ስታልፍ ዘወር ብላ እንዳታይሽ፤ ካየችሽ ጠራችሽ ማለት ነው" አሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ ምስጋናው አጠገቤ፣ ቡሬ ከኋላዬ። ያ ቁልቁለት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። መንገዱ ሁሉ ነጭ ለባሽ ነው፤ ሰው ሁሉ እኛን ያያል። ቡሬ ካለፈች የእሷ ብቻ አይደለም፣ የቤታችን ነገር አበቃ። ወይራዋን አለፍኩ። አንገቴ ዙሪ ዙሪ ይለኛል! ምስጋናው እጄን በነጠላው ሥር ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ደረጃውን ወረድን፣ አስቀደስን። ምን እንደተነበበ እግዜር ይወቀው፤ ጆሮዬ ያለው ኋላዬ ነው። ጫጫታ የለም።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ቡሬ ወይራዋ ሥር ናት። ሰው በግራና ቀኝ እየተሻገራት ያልፋል፤ አንዲት እናት እንደውም "ምን ያለች ሸጋ ውሻ ናት!" እያለች። እማሆይ ከላይ ቆመው ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰማዩን ያያሉ። አባ ክንፉ መጡ። ውሻዋን አዩ፣ ወይራዋን አዩ፣ እማሆይን አዩ። "እህ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከአባ "እህ" ማግኘት ከሌላ ሰው ምርቃት ማግኘት ነው።

እሺ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የደግ ዘመን ወሬ ነው፤ የደግ ዘመን ወሬ ደግሞ አጭር ነው። የእማሆይ ቋንቋ የቤታችን ቋንቋ ሆነ። ምስጋናው ወጡ ሲያርርብኝ "ቡሬ፣ ዛሬ እመቤትሽ ማንን እያሰበች ነበር?" ይላል። እኔም "ቡሬ፣ ጌታሽ ካልሲውን የት እንደሚያወልቅ አንቺ ንገሪው እንጂ" እላለሁ። ልጃችን ተወልዳ አፏን የፈታችው "ቡሬ" ብላ ነው፤ እናቴ ይህን ሰምታ ተቀየመች። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሁሉ ባዶ በዋለበት ጊዜ ምስጋናው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነገር ነገር ሲለው እማሆይ ቡሬን ጠርተው "ሥራ የፈታ ወንድ በሚስቱ ላይ ሥራ ይፈጥራል፤ አጥሬ ፈርሷል፣ እሱን ይጠግን በይው" አሏት። አጥሩ አልፈረሰም ነበር። ምስጋናው ግን አፍርሶ ጠገነው።

አንዴ ብቻ ቡሬን ሲነኳት አይቻቸዋለሁ። ቡሬ አንድ ነገር በልታ ታማ ነበር። ከገበያ ስመለስ እማሆይ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሆዷን ያሻሻሉ። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ።

"አየሽኝ?"

"አላየሁም፣ እማሆይ።"

"ጎሽ" አሉ፣ ማሻሸታቸውን ሳያቆሙ።

በቀብራቸው ቀን ሕዝቡ ብዙ ነበር። ገነተ ማርያም ያሉት ዘመዶቻቸው ሁሉ መጡ። ቡሬ አርጅታለች፤ የኋላ እግሯ ይጎተታል። ግቢ ውስጥ ልዘጋባት ፈለግሁ፤ ምስጋናው "ተያት፣ ታውቃለች" አለኝ። ከሕዝቡ ኋላ እየተንፏቀቀች ወረደች። አስከሬኑ ወይራዋን አለፈ። ካህናቱ አለፉ፣ ዘመድ አለፈ፣ እኛም አለፍን። እኔ የዚያን ቀን ዘወር ብዬ አየሁ፤ አልቻልኩም። ቡሬ ወሰኗ ላይ ቁጭ ብላለች። መሬቱን በመቋሚያ መታ የሚያደርግላት የለም። ግን አላለፈችም። እያየኋትም አላለፈችም።

ከቀብር መልስ ሁሉም ንፍሮ ሊቀምስ ወደ ግቢያችን ሲወጣ እኔ እግሬ አልሄድልሽ አለኝ፤ ወይራዋ ሥር ቡሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንባ እንኳ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ አልፎ ካለቀ በኋላ አባ ክንፉ ብቻቸውን ከግቢው በኩል ወደታች ሲመለሱ አየኋቸው። እሳቸውም አርጅተዋል። እፍኝ ንፍሮ ይዘዋል። አጠገባችን ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው በግድ ጎንበስ አሉና ንፍሮውን ቡሬ ፊት አፈሰሱት። ቀና ብለው እኔን አላዩኝም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

"ቡሬ" አሉ፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው። "ለእመቤትሽ ንገሪያት። እማሆይ በደህና ገብተዋል በያት። እኔው ራሴ አስገብቻቸዋለሁ። ይብቃት፣ ቤቷ ትግባ፤ ባሏ እየጠበቃት ነው በያት።"

ያኔ ነው እንባዬ የወጣው። የቡሬን አንገት ይዤ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አባ ሳይሄዱ ቆመው ጠበቁኝ።

"ቡሬ" አልኳት በመጨረሻ፣ ፊቴን እየጠረግሁ። "ሰምታለች በያቸው።"